አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ ስለ ጌም ወሬ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ወሬ አናፋሾች ባይኖሩ ኖሮ የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች የግድያ ዛቻ ባልደረሳቸው ነበር። ሰሞኑን ወዳጆቼ ሲቀባበሉት የደረሰኝ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጸሐፊው በጌም አፍቃሪዎች ዘንድ የተንሰራፋው ስድብና ማስፈራራት አንገሽግሿቸዋል፤ በዚህ እኔም ከጎናቸው ነኝ። የበሽታውን መነሻ ሲፈልጉ ግን ጣታቸውን የቀሰሩት በወሬ ላይ ብቻ ነው። ገና ስላልወጡ ጌሞች የሚያወሩ ሰዎች ጉጉትን ያንራሉ፤ የናረው ጉጉት ሳይሞላ ሲቀር ቁጣ ይወልዳል፤ ቁጣው ዛቻ ይሆናል ይላሉ። መድኃኒቱም በእርሳቸው ዘንድ ቀላል ነው። ጋዜጠኛም ይሁን የቴሌግራም ቻናል ባለቤት፣ ኩባንያው በራሱ አንደበት ያልተናገረውን ማንም አይናገር።

ከዚህ ሌላ አራት ነገር ይጨምራሉ። ሾልከው የሚወጡ መረጃዎች የቂመኛ ሠራተኞች ሥራ ናቸው፤ ዛቻው የልጆች አፍ ስለሆነ ንቆ ማለፍ ይበቃል፤ ኩባንያዎቹ ተበዳዮች ናቸውና ትዕግሥት ይገባቸዋል፤ እኛ አገር ደግሞ ይህ ሁሉ ጉድ ያልነበረ፣ በስልክ የመጣ ነው። ለሁሉም መልስ አለኝ፤ እኩል ቦታ ግን አልሰጣቸውም፤ አንዳንዱ ብዙ ያናግራል፣ አንዳንዱ አያናግርም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዋናው ልነሣ። «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለው ጌም የተሠራው በእንግሊዟ ጊልድፎርድ ከተማ በሚገኝ ሄሎ ጌምስ በተባለ አነስተኛ ድርጅት ነው። ተጫዋቹ በጠፈር መርከብ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ይዞራል፤ የፕላኔቶቹ ብዛትም ከ18 ኩዊንቲሊዮን ይበልጣል ተብሎለት ነበር፤ ይኸውም 18 ተጽፎ ከኋላው ሌላ 18 ዜሮ የሚሰለፍለት ቁጥር ነው። ጌሙ ጁን 21 ቀን 2016 ይወጣል ተብሎ ቀን ተቆርጦለት ሳለ፣ በሜይ ወር ኮታኩ የተባለው የጌም ዜና ድረ ገጽ ጋዜጠኛ ጄሰን ሽራየር ሊዘገይ መሆኑን ጻፈ። ኩባንያው ገና ምንም አላለም ነበርና በጸሐፊው መለኪያ ይህ ወሬ ነው። ጋዜጠኛው ላይ እንገድልሃለን የሚሉ መልእክቶች ወረዱበት። እስከዚህ ድረስ ጽሑፉ ትክክል ይመስላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የድርጅቱ መሪ ሾን መሪ ራሱ ብቅ ብሎ መዘግየቱን አረጋገጠ፤ አዲሱ ቀን ኦገስት 9 መሆኑንም ተናገረ። ያን ጊዜ ዛቻው ወደ እርሱ ዞረ። ሰውየው ነገሩን በቀልድ ሊያሳልፈው ሞክሮ፣ ቢሮአቸው ለሌባ ወጥመድ የተዘረጋበት ቤት መምሰሉን ጽፎ ነበር።

ልብ በሉ፤ ወሬው እውነት ነበር። ዛቻውም ወሬውን ላመጣውም ሆነ በይፋ ላረጋገጠው ሳያዳላ ደረሰ። ሽራየር በዚያ ሳምንት አፉን ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ የሚተርፈው ሽራየር ብቻ ነበር።

ወሬ የሚባል ነገር ፈጽሞ ያልነበረበትን ጉዳይ ደግሞ እንመልከት። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለውን ጌሙን ኤፕሪል 16 ቀን 2020 አወጣለሁ አለ። ቀኑ ወደ ሴፕቴምበር 17፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19 ተገፋ። በኦክቶበር መጀመሪያ ሥራው ተጠናቆ ዲስኩ ሊታተም ነው ተብሎ በይፋ ተበሠረ፤ ተጫዋቾችም እፎይ አሉ፤ ከሥራቸው ፈቃድ የጠየቁም ነበሩ። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ያው ኩባንያ፣ በዚያው አንደበቱ፣ ለተጨማሪ 21 ቀን መዘግየቱን አስታወቀ። ለሠራተኞቹ የግድያ ዛቻ የተላከው ያን ጊዜ ነው። ከጌሙ ነዳፊዎች አንዱ መበሳጨታችሁን እረዳለሁ፣ ሰው እገድላለሁ ማለት ግን አይገባም፣ እኛም እንደ እናንተው ሰዎች ነን እያለ በአደባባይ እስከ መለመን ደረሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ሾላኪ፣ አንድም አሉባልተኛ የለም። ቀን የቆረጠውም፣ ቀን ያፈረሰውም፣ መግለጫ ያወጣውም ኩባንያው ነው።

ጉጉቱን ማን አናረው ብለን ብንጠይቅም ያው ነው። ጌሙ ዲሴምበር 10 ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተር ቅጂ ብቻ ነበር፤ ራሳቸው የቀረጹትን ምስል ማሳየትም ተከልክለው ነበር። ብዙ ሰው ግን ቤቱ የነበረው ፕሌይስቴሽን 4 ነበር። ሲከፍተው ጎዳናው ሰው አልባ፣ መኪናው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጌሙም በየመሐሉ እየተዘጋ አገኘው። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንት ገደማ ከመደብሩ አውጥቶት፣ ገንዘብ የሚመለስበትንም መንገድ ከፍቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ነው ወደ ቦታው የመለሰው። እውነቱን አስቀድሞ የሚያወራ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ስንቱ ገንዘቡን በኪሱ ባቆየ!

የኖ ማንስ ስካይም ነገር እንዲሁ ነው። ሾን መሪ በቃለ መጠይቅ ላይ ተጫዋቾች እርስ በርስ መገናኘት ይችሉ እንደሆነ ሲጠየቅ አዎ ብሎ ነበር። ጌሙ በወጣ ቀን ሁለት ተጫዋቾች ያን ሁሉ ፕላኔት አቋርጠው አንድ ፕላኔት ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አንዱ ሌላውን ማየት አልቻለም። በዚያ ቅጽበት የፈረሰው ከኩባንያው አፍ የወጣ ቃል እንጂ የማንም አሉባልታ አልነበረም። ቃሉ በወጉ የተፈጸመው በጁላይ 2018 በተለቀቀው ማሻሻያ ነው። ለድርጅቱ ምስጋናም ልንነፍገው አይገባም፤ በዓመታት ሥራ ጌሙን አድሶ፣ በ2019 አድናቂዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በቢሮው አቅራቢያ የምስጋና ሰሌዳ አሰቅለውለታል።

ጸሐፊው በንድፈ ሐሳባቸው ፈጽሞ ሊያስረዱት የማይችሉት ምሳሌ ግን «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» ነው። ሠሪው ቲም ቼሪ በአውስትራሊያዋ አደሌድ ከተማ የሚገኝ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ቡድን ነው። ጌሙ በፌብሩዋሪ 2019 ተዋወቀ፤ የወጣው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ነው። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ! በዚያ ሁሉ ጊዜ ወሬ እንደ ጉድ ጎረፈ። አንድ ሰው በየቀኑ ዩቲዩብ ላይ እየወጣ ዛሬም አዲስ ነገር የለም እያለ ዜና ያነብ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ከሠሪዎቹ አንዱ የማኅበራዊ ገጹን ምስል በኬክ ፎቶግራፍ ቢለውጥ፣ አድናቂዎቹ የኬኩን አሠራር ፈልገው፣ ቀኑን ቆጥረው፣ ኤፕሪል 2 አንድ ነገር ይመጣል ብለው ተነበዩ። የኬኩ ምስጢር ምንም እንዳልሆነ ከቡድኑ ወገን ተነገራቸው፤ ኤፕሪል 2 ሲደርስ ግን የጃፓኑ ጌም ኩባንያ ኒንቴንዶ ባቀረበው ዝግጅት ላይ ጌሙ ለአፍታ ብቅ አለ። በሬ ወለደ ብሎ ያወራ ሰው ጥጃው ሲወለድለት አስቡት!

ወሬ ዛቻን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ከሁሉ የከፋው የጌም ማኅበረሰብ ይህ በሆነ ነበር። የዚህ ማኅበረሰብ መታወቂያ ግን ቀልድ ነው። ለምን? በእኔ ግምት ቲም ቼሪ አስቀድሞ የሰበሰበው የግዢ ገንዘብ ስላልነበረ ነው። በ2023 የመጀመሪያ አጋማሽ ይደርሳል ተብሎ አንድ ጊዜ ቀርቷል እንጂ በየሩብ ዓመቱ ቀን እየቆረጠ አላፈረሰም። ሰው ዕዳ ያለበትን ሰው የሚጠብቅበት ዓይንና እንግዳ የሚጠብቅበት ዓይን አንድ አይደለም። ገንዘብ ተቀብሎ፣ ቀን ቆርጦ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ደጅ ላይ አቁሞ የሚያስጠብቅ ኩባንያ ደንበኞቹን አበዳሪ አድርጓቸዋል። ከአበዳሪዎቹ መካከል ባለጌ ሲገኝ ደግሞ ተቀባዩ የኩባንያው አለቃ ሳይሆን ቀኑን ያልቆረጠው ተራ ሠራተኛ ነው። ባለጌው በዚህ ነጻ አይወጣም፤ እገድላለሁ ያለ ሰው ተጠያቂው ራሱ ነው። መነሻውን እንፈልግ ካልን ግን ወሬውን መደብደብ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ጸሐፊው የወሬን ጥፋት ለማሳየት «ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2» የተባለውን ጌም ይጠቅሳሉ። ደመወዙ የተያዘበት ቂመኛ ሠራተኛ የታሪኩን መጨረሻ አውጥቶ በተነው፣ በዚህ የተነሳ ተዋናይዋ የግድያ ዛቻ ደረሰባት ይላሉ። ከዚህ ውስጥ የተዋናይዋ ነገር እውነት ነው። ላውራ ቤይሊ በጌሙ ውስጥ የተጫወተችውን ገጸ ባሕርይ የጠሉ ሰዎች የላኩላትን አሰቃቂ መልእክት በጁላይ 2020 ራሷ ለሕዝብ አሳይታለች። የቂመኛው ሠራተኛ ታሪክ ግን ራሱ ወሬ ነው! የጌሙ ምስሎች በኤፕሪል 2020 መጨረሻ ሾልከው እንደወጡ ያ ታሪክ በየመንደሩ ተነዛ። ቀናት ሳይቆዩ ሶኒ ዋናዎቹን አድራጊዎች እንደለየና ከእርሱም ሆነ ከጌሙ ሠሪ ከኖውቲ ዶግ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላቸው አስታወቀ። ነገሩ የጠላፊዎች ሥራ ነበር። ኩባንያው ከተናገረው ውጭ አትናገሩ ብለው የሚመክሩን ሰው፣ ኩባንያው በግልጽ ያስተባበለውን አሉባልታ ከዓመታት በኋላ እንደ እውነት ያደርሱናል። ለክፋት ብለው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ወሬ እንዲህ ነው፤ የሚጠሉትም ሳይታወቃቸው ይሸከሙታል።

ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ሳይሆን አይቀርም። አማርኛ ለዜናውም ለአሉባልታውም «ወሬ» ይላል። ምን ወሬ አለ ብለን የምንጠይቀው ሰው እንዲዋሸን ፈልገን አይደለም። ደግ ወሬ ያሰማህ ብለን እንመርቃለን። ጸሐፊው ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በዚህ አንድ ጆንያ ጨምረው አሰሩት፤ ጋዜጠኛ ከሰዎች ጠይቆ፣ አጣርቶ የሚጽፈው አለ፤ ሌባ ሰብሮ የሚዘርፈው አለ፤ ሥራ ፈት ከኪሱ የሚፈጥረው አለ።

የሌባውን አልከላከልም። በሴፕቴምበር 2022 ከጌሙ ሠሪ ከሮክስታር ተሰርቀው የወጡት የ«ጂቲኤ 6» ዘጠና ያህል ቪዲዮዎች ዜና አልነበሩም፤ ዝርፊያ ነበሩ። ወጣቱ ጠላፊ ድርጊቱን የፈጸመው በሌላ ክስ በዋስ ተለቆ፣ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ፣ በክፍሉ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ በሚሰካ አነስተኛ መሣሪያና በስልክ መሆኑን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሰምቷል። ሮክስታርም አምስት ሚሊዮን ዶላርና ብዙ ሺህ የሥራ ሰዓት እንዳስወጣው ገልጿል። ቪዲዮዎቹን ያየው ሕዝብ ገና ያልተለሰነ ቤት አይቶ ግድግዳው ለምን ቀለም የለውም እንደሚል ሰው፣ የጌሙ ምስል አስቀያሚ ነው እያለ ተሳለቀ። ሌሎች ጌም ሠሪዎች ለሙያ ወገኖቻቸው አዝነው የራሳቸውን ጌሞች ያልተሠራ መልክ አውጥተው አሳዩ፤ ዛሬ የሚደነቁ ጌሞች በመጀመሪያው ዓመት ምን ይመስሉ እንደነበር ሕዝቡ ያየው በዚያ አጋጣሚ ነው። ይህንን ጸሐፊው ቢያነሡት አብሬአቸው እጮህ ነበር፤ አላነሡትም።

የጋዜጠኛው ግን ሌላ ነው። ኮታኩ በዲሴምበር 2013 ስለ «ፎልአውት 4» ኩባንያው ያልተናገረውን በመጻፉ የጌሙ ባለቤት ቤተስዳ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ገና ይፋ ስላልሆነ አንድ ጌም መረጃ በማውጣቱ የዚያ ጌም ባለቤት ዩቢሶፍት በሩን ዘጉበት። ጥያቄ ቢልክ መልስ የለም፤ ጌም ለግምገማ ቢጠይቅ የለም። ይህንን በኖቬምበር 2015 ድረ ገጹ ራሱ ለአንባቢዎቹ ተናግሯል። አስቂኙ ነገር፣ ስለ ሁለቱም ጌሞች የጻፈው ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው። የተቀጣው ስለዋሸ ሳይሆን ቀድሞ እውነት ስለተናገረ ነው። ጸሐፊው እንደ አዲስ ሐሳብ ያቀረቡት ሥርዓት ይኸው ነው፤ ኩባንያዎቹ ሞክረውታል።

በኤፕሪል 2019 ያው ሽራየር ባዮዌር የተባለው ድርጅት «አንተም» የተባለ ጌሙን እንዴት እንደሠራ 19 ሰዎች አነጋግሮ ጻፈ። የጌሙ ስም የተለወጠው ለሕዝብ ሊታይ ቀናት ሲቀሩት ነበር። ከሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ምን ዓይነት ጌም እየሠሩ እንደሆነ በደንብ የገባቸው በ2017 ለሕዝብ የቀረበውን ማሳያ ካዩ በኋላ ነው። በጭንቀት ብዛት በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታትና ለወራት ከሥራ የራቁ፣ በር ዘግተው የሚያለቅሱ ሠራተኞች ነበሩ። ባዮዌር ለዚህ መልስ የሚሆን መግለጫ ያወጣው ጽሑፉ በታተመ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ያን ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ለመጨረስ በማይበቃ ጊዜ ማለት ነው። ኩባንያው የተናገረውን ብቻ እንስማ ከተባለ የምንሰማው እንዲህ ያለውን መግለጫ ነው። በር ዘግታ ያለቀሰችው ሠራተኛ በይፋ የምትናገርበት መድረክ የላትም፤ ያላት ወሬ ነው።

የፈጠራውን ወሬ በተመለከተ ብዙ አልልም። ከኪሱ ፈጥሮ ምንጮቼ ነገሩኝ የሚል ሰው ውሸታም ነው። ማጣሪያው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ምን ብሎ ነበር፣ ከተናገረው ስንቱ ሆነ ብሎ መቁጠር ነው። በየወሩ ቀን እየጠራ በየወሩ የሚሳሳተውን ቻናል የሚከተል ሰው፣ ከተሳሳተው ቻናል ይልቅ እኔን ይገርመኛል።

ሦስተኛው፣ ዛቻው የልጆች አፍ ነው፣ ንቆ ማለፍ ይበቃል የሚለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያስቆጣኝ ይህ ብቻ ነው። ኒንቴንዶ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 በቶኪዮ ሊያካሂደው የነበረውን ትልቅ የሕዝብ ዝግጅት፣ በሠራተኞቹና በሚመጣው ሕዝብ ላይ በደረሰ ተደጋጋሚ ዛቻ ምክንያት ከሳምንታት በፊት ሰረዘው። በኋላ የተያዘው ሰው የ27 ዓመት ጎልማሳ ሲሆን፣ ምክንያቱም «ስፕላቱን» በተባለው ጌም ደጋግሞ መሸነፉ ነበር። «ስፕላቱን» ገጸ ባሕርያቱ ቀለም የሚረጫጩበት የሕፃናት የሚመስል ጌም ነው። ወሬ የለም፤ መዘግየት የለም፤ ሕፃንም የለም። ቤተሰቦች ግን ለልጆቻቸው ቃል የገቡትን ቀን አጡ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የ«ዴስቲኒ 2» ሠሪ ቡንጂ ከተጫዋቾች ጋር የሚገናኝ አንድ ሠራተኛ ነበረው። ይህ ሠራተኛ የአንድ ጥቁር አርቲስት ሥራ ለሕዝብ በማስተዋወቁ፣ አንድ ሰው በስልኩ ላይ በዘረኝነት የተሞሉ መልእክቶች ይተው ጀመር፤ የሚስቱንም ስልክ አገኘ። አንድ ሌሊት እነርሱ ያላዘዙት ፒዛ ቤታቸው ድረስ ተላከ። ፒዛው በራሱ ምንም አይደለም። መልእክቱ ግን ቤታችሁን አውቀዋለሁ የሚል ነበር፤ በሌሊት በር ሲንኳኳ አልጋው ላይ ቁጭ ያለ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ ለማወቅ ጌም መጫወት አያስፈልግም። ቡንጂ ንቆ አላለፈም። ደዋዩን ፈልጎ፣ ማንነቱን አውቆ፣ ከሶ፣ በጁላይ 2023 በዋሽንግተን ግዛት ፍርድ ቤት ወደ 490 ሺህ ዶላር አስፈረደበት። ጸሐፊው ንቆ ማለፍ የሚሉት ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ቢሰበክ ምን ይባል እንደነበር መገመት አይከብድም።

ይኸው ፍርድ አራተኛውንም ነጥብ በከፊል ይመልሰዋል። ኩባንያዎቹ ተበዳዮች ብቻ አይደሉም፤ ከፈለጉ ጉልበት አላቸው። ጠበቃ አላቸው፤ መዝገቡ የእነርሱ ነው፤ ማን በየትኛው መለያ ስም ምን እንዳለ ያያሉ። የ«ጂቲኤ 6» መውጫ መጀመሪያ 2025 ተብሎ፣ ከዚያ ሜይ 26 ቀን 2026 ተብሎ፣ በኖቬምበር 2025 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ሲገፋ እኔ አልተናደድኩም። ጊዜ ወስዶ መሥራት ጥሩ ነው፤ ሠራተኛው ሌሊቱን ተኝቶ ቢያድር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቀኑን እኔ አልጠየቅኩም፤ ሰጥቶ የሚነሣውም ራሱ ኩባንያው ነው።

የቀረው የአገራችን ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ስልክና ቴሌግራም ናቸው ያመጡት ይላሉ። እኔ ያደግሁበት ሰፈር አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር፤ ቆርቆሮ በር፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። እግር ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፤ ከፋዩም ተሸናፊው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎል የኪስ ጉዳይ ነበር። ተሸንፎ ጆይስቲኩን መሬት ላይ የፈጠፈጠ አይቻለሁ። ጆይስቲኩ ነው የማይሠራው ብሎ የማለ፣ ውጭ ጠብቆ የተደባደበም አይቻለሁ። ከቴሌቪዥኖቹ በላይ፣ ከካርቶን በተቆረጠ ሰሌዳ ላይ፣ የቤቱ ባለቤት በወፍራም ማርከር እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ ወላጅ የሰደበ ተራውን ያጣል፣ ገንዘብ አይመለስም። ሕጉ የተጻፈው ስለሚያስፈልግ ነው። የሚሰደብ ወላጅ ባይኖር ካርቶኑ ባልተቆረጠ ነበር። ባለቤቱም ይፈጽመው ነበር፤ የወንድሙን ልጅ ሳይቀር አንገቱን ይዞ ሲያስወጣ አይቻለሁ።

ወሬም እዚያው ነበር፤ ያውም ምርጡ። ከሦስቱ ቴሌቪዥኖች በጥጉ ያለው በሰዓት የሚከፈልበት ሲሆን የሚጫወቱበትም «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ነበር። ጨዋታውን የሚያቀልሉ ኮዶች ዝርዝር በደብተር ወረቀት ተገልብጦ፣ ላብ ጠጥቶ፣ በአራት ታጥፎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከሌላ ሰፈር ወሬ ይዞ መጣ። ቺሊያድ በተባለው ተራራ ጀርባ፣ ጭጋግ በማይለቀው ጫካ ውስጥ፣ ጠጉራም ግዙፍ ፍጡር አለ፤ ስሙም ቢግፉት ይባላል። የት ሰማህ? የአጎቱ ልጅ ነግሮት። የአጎቱ ልጅ የት ሰማ? ይህ አይጠየቅም።

የዚያን ክረምት ገንዘባችን ሁሉ ጫካው ውስጥ አለቀ። አራት ልጆች አዋጥተን አንድ ሰዓት እንከፍላለን፤ አንዱ ይይዛል፣ ሦስቱ ከኋላው ቆመው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቁም፣ ምንድን ነው ያ፣ ይላሉ። አንድ ጊዜ ሾፌር የሌለው አሮጌ መኪና ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብሎ ቁልቁል ተንከባለለ። ጩኸታችንን ሰምቶ ባለቤቱ ከውጭ ሮጦ ገባ። መኪናው በጌሙ ስሕተት ዳገት ላይ የሚፈጠር ባዶ መኪና መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እንደ እኛው ሌሎች ብዙ ልጆችም በሌላው ዓለም ጮኸውበታል። የሮክስታር ኃላፊ የነበረ ሰውም በ2005 ተጠይቆ፣ በእውኑ ዓለም ቢግፉት እንደሌለ ሁሉ በጌሙም ውስጥ የለም ብሎ ነበር። ኩባንያው በአንደበቱ ተናገረ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም፤ ቢደርስም የምናምነው አይመስለኝም።

ያን ወሬ ያመጣውን ልጅ ማንም እገድልሃለሁ አላለውም። ክረምቱ አልፎ ምንም ሳናገኝ ስንቀር አንድ ሳምንት ሙሉ ቢግፉት እያልን ጠራነው፤ እርሱም ሳቀ። በ2013 «ጂቲኤ 5» ሲወጣ ሮክስታር ቀልዱን መልሶ ተቀበለው፤ ጌሙን መቶ በመቶ የጨረሰ ተጫዋች ጫካ ውስጥ ቢግፉትን እያሳደደ ሄዶ ሲደርስበት፣ ጠጉራም ልብስ የለበሰ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። ይህንን ለዚያ ወዳጄ ደውዬ ነገርኩት። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ፣ እኔ ያየሁት ግን ልብስ አልነበረም፣ አለኝ።